ፍየሎቹ የለመዱት ነጎድጓድ

ሰሞኑን ከሱዳን በኩል ደመና እየመጣ ሲመለስ ሰነበተ። ሰሊጡ ታጭዶ ሂላ ላይ ቆሟል። ነዶው እንደ ጎጆ ተደጋግፎ፣ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ሲደርቅ ሂላ እንለዋለን። በዚህ ጊዜ ዝናብ ከጣለበት ዓመቱን ሙሉ የለፋህበት ይጠቁራል፤ ነፋስ ከመታው ደግሞ ፍሬውን መሬት ይበላዋል። ስለዚህ በዚህ ወር የቆላ ሰው አንገቱ ወደ ላይ ነው። አማቼ ጌትነት ዝናቡ ሳይቀድመኝ ብሎ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የፍየል ቤቱን ጣራ ሊቀይር ወጣ። እኔ ከኒሙ ዛፍ ሥር ተቀምጫለሁ። ከአሮጌዎቹ ቆርቆሮዎች አንዱን፣ ረጅሙንና ስሱን፣ ነቀለና ወደ ታች ለቀቀው። ቆርቆሮው መሬት ሳይደርስ አየር ላይ ተርገፈገፈ። ድምፁን ስሰማ ብድግ አልኩ። ከዘራዬንም አላነሣሁም። ወደ እርሻው ዞሬ መራመድ ስጀምር በሩ ላይ ቆማ የነበረችው ልጄ ስመኝ ሳቀች። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። ሃያ ዓመት ያለፈው ሳቅ ነው።

ይህን የምጽፈው እኔው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ የፊደል ግድፈት ያየ ሰው ይለፈኝ። ሐሳቤ ግን ግድፈት የለበትም። የምጽፈው ስለዚያ የትያትር ሰሞን ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ረስቶታል። እኔን ግን እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ እንደ እሾህ ሲወጋኝ ኖሯል።

ያኔ መተማ ዮሐንስ የዛሬዋን አትመስልም። ዛሬ ፎቅ ቆሞባታል፣ ባጃጅ ይርመሰመስባታል፣ ሰው ሁሉ ስልኩን በእጁ ይዞ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ያኔ ከተማው ማለት ወደ ድልድዩ የሚወርደው አንዱ መንገድ ነበር። በግራ በኩል ሻይ የሚያፈሉ ሴቶች በገመድ የተሠራ በርጩማቸውን ደርድረው ይቀመጣሉ። ሻይ በስሙኒ ነበር። ከርከዴ የሚባለው ከማዶ የሚመጣው ቀይ የአበባ መጠጥ ደግሞ በትልቁ ብርጭቆ፣ በረዶ ተጨምሮበት፣ ከሻዩ እጥፍ ይሸጣል፤ ውድ ነው ብለን እናማርር ነበር፣ እግዜር ያሳያችሁ። በቀኝ በኩል ልብስ ሻጮቹ ናቸው። ነጩ ጀለቢያ ተሰቅሎ ነፋስ ሲገባበት ከሩቅ ሆድ ያለው ሰው ይመስላል። ሳሉግ የምንላቸው የቀን ሠራተኞች ከጎጃምም፣ ከወሎም፣ ከደጋው ጎንደርም ወርደው፣ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ የጎማ ጫማቸውን አያይዘው ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ያንን መንገድ ይሞሉታል። አንዱ ሱቅ የሱዳን ካሴት ይከፍታል፤ ከፊት ለፊቱ ያለው የክራር ዘፈን ይከፍታል፤ ሁለቱም አልሸነፍ ይላሉ። መካከል የቆመ ሰው አንዱንም አይሰማም። ያኔ ራሴን ያመኝ ነበር። ዛሬ ቢመለስልኝ ግን መካከሉ ላይ በርጩማ አስቀምጬ እውል ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ ከላይ ያሉ ሰዎች የወጣቶች ትያትር በከተማችን ሳምንት ሙሉ ይታያል አሉ። መልካም። ግን መቼ? በጥቅምት። ሰሊጥ ሂላ ላይ ቆሞ፣ ገበሬው አንድ ዓይኑን ሰማይ ላይ አንድ ዓይኑን ሳሉጉ ላይ አድርጎ በሚውልበት ወር። ማን እንደመረጠው እስከ ዛሬ አላውቅም። ደጋ ላይ ተቀምጦ ለቆላ ቀን የሚቆርጥ ሰው ዝናብ የሚመጣው ጣራውን ለማጠብ ይመስለዋል። እንዲህ ብዬ በስብሰባ ላይ ብናገር፣ አያ ዳኘው ልማት አይወዱም አሉኝ። ዳኘው እኔ ነኝ። ልማት የማይወድ ሰው በዚህ ቆላ ወባና እባብ ሲፈራረቅበት አርባ ዓመት ይቀመጣል ወይ?

በጥሪ የመጡት ቡድኖች ከተማው አዳራሽ ገቡ። ወንበር አላቸው፣ ማይክራፎን አላቸው፣ መጋረጃ አላቸው። የመክፈቻውን ቀን እኔም ገብቼ ነበር። ንግግሩ ከትያትሩ ረዘመ፤ ማይክራፎኑ ሲጮህ ጆሮዬን ይዤ ወጣሁ። ጥሪ ያልደረሳቸው ደግሞ እንዲሁ መጡ። ከሳንጃ፣ ከአብርሃ ጅራ፣ ከሽንፋ፣ ሳሉግ በሚያመላልሱ የጭነት መኪናዎች ላይ ተንጠልጥለው መጡ። አዳራሹ አልቀበላቸውም ሲል ከተማው ጠርዝ ላይ ያለውን የሰሊጥ መጋዘን ለመኑ። አዲሱ ሰሊጥ ገና ስላልገባ መጋዘኑ ባዶ ነበር፤ የሚዛን ሠራተኛው ደምሴ ቁልፉን ሰጣቸው። ወሬ ተነዛ። ከመጋዘኑ ትያትሮች አንዱ፣ ተመርጦ፣ በመዝጊያው ቀን አዳራሽ ገብቶ ለሕዝብ ይታያል ተባለ። መራጩ አንድ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ከላይ የመጣ ጎልማሳ ነበር። ከመጋዘኑ በር አጠገብ ወንበሩን ይዞ ይቀመጣል፤ ሙቀቱን አልቻለውም መሰለኝ።

የእኔ ስመኝ ከእነዚህ መጋዘን ከገቡት አንዷ ነበረች። ያኔ ስምንተኛ ክፍል ናት። የሰፈራችን ቡድን ማለት እሷ፣ ያ የሚዛኑ ደምሴ፣ እና ሙሉቀን የሚባል ከጎጃም የመጣ የትራክተር ሹፌር ነበሩ። ትያትሩን የደረሰችው እሷ ናት አሉኝ። እኔ አላመንኩም ነበር። አዳራሽ እንገባለን እያለች እህል አልበላ አለች። አዳራሽ ከገባ መላው ከተማ ያየዋል፣ እርስዎም ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው ያዩታል ትለኛለች። መጋዘኑስ ቢሆን አየው የለ ወይ ብላት፣ እርስዎ እኮ ከምንም ነገር መሐል ነው የሚነሡት አለችኝ። ስድነት ነው ብዬ ተውኳት።

አንድ ቀን ሙሉቀን ጣራ ላይ ሆኖ አገኘሁት። የፍየል ቤቴን ቆርቆሮ ይነቅላል። ምን እያደረግህ ነው ስለው፣ "አያ ዳኘው፣ ነጎድጓድ ጎደለብን በላ" አለኝ በጎጃምኛው። ቆርቆሮው ረጅምና ስስ መሆን አለበት፤ ከሰፈሩ ሁሉ የኔው ተመርጦ ነው። ቤት አፍርሳችሁ ትያትር ሥሩ ብዬ ተቆጣሁና ተውኳቸው። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከቤቴ ጓሮ ነጎድጓድ ሆነ። ሙሉቀን ቆርቆሮውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ያርገፈግፈዋል፤ መጀመሪያ ከሩቅ እንደሚመጣ፣ ቀጥሎ አናትህ ላይ እንደሚሰነጠቅ። በመጀመሪያው ቀን ፍየሎቹ አጥር ሰብረው ወጡ። በሁለተኛው ቀን ጆሯቸውን አቆሙ። በሳምንቱ ቀና ብለው እንኳ አያዩትም፣ ቅጠላቸውን ይበላሉ። ይህን ያዙልኝ።

በዚያ ሳምንት ከመጋዘኑ አልጠፋሁም። ያየሁትን ሁሉ አንድ በአንድ አስታውሳለሁ፤ የዛሬ ሳምንት የበላሁትን ጠይቁኝ፣ አላውቅም። የአብርሃ ጅራዎቹ መጋዘኑን አንፈልግም ብለው በመጡበት መኪና ላይ ነው የሠሩት፤ የጎኑን መዝጊያ አውርደው መድረክ አደረጉት። አንድ ባለሀብት የሠራተኛ ደሞዝ ክዶ ሠራተኛው በወባ ይሞታል። ደኅና አድርገው ይዘውት ነበር። ሟቹ ተገንዞ ለቅሶው ሲደምቅ ሹፌሩ ከሻይ ቤት ብቅ አለና፣ ሳሉጎቼ ሞልተዋል እሄዳለሁ ብሎ ሞተሩን አስነሣ። መኪናው ሄደ። ሬሳው ተነሥቶ ተቀምጦ እጁን እያወዛወዘ ተሰናበተን። ከኋላ የተከተሉ ነበሩ፤ ደሞዙ ተከፈለ አልተከፈለ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። የሳንጃዎቹ ትያትር ደግሞ የማያልቅ ነበር። ሦስት ጊዜ አለቀ ብለን አጨበጨብን፤ ሦስቴም አንዱ ብቅ እያለ ስለ አጎበር አስተማረን። አጎበሩን ሰው ሁሉ ወስዶ ዓሣ የሚያጠምድበት መሆኑን የሚነግራቸው ጠፋ። የሽንፋዎቹን ወደድኩ። ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ወንዱንም ሴቱንም እነሱው ሆነው ይሠራሉ፤ ወንድ ሲሆኑ በከሰል ጢም ይሥላሉ። የቆላ ሙቀት መቼም ታውቁታላችሁ። ሽማግሌው ሲቆጣ ላቡ ጢሙን አገጩ ላይ አወረደው፤ ሲያስታርቅ ጢሙ ደረቱ ላይ ደረሰ። መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን ግማሹን አላየሁም፤ ከፊቴ አንድ ነጋዴ እንስራ የሚያህል ጥምጥም ጠምጥሞ ተቀምጦ ነበር፤ ዝቅ በል ብለው፣ ጥምጥሜን ላውልቅ ወይ ብሎ ተቆጣኝ።

የኛዎቹ ተራ የደረሰው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ከማዶ ትንሽ ደመና አይተን ነበር፤ ሰው ሁሉ ልቡ ተሰቅሏል። መጋዘኑ መስኮት የለውም፣ ዙሪያውም ጣራውም ቆርቆሮ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ሰማዩ የት እንዳለ አታውቅም። ብርሃኑ ከደጅ ካለው ጀነሬተር የተሳበ አንድ አምፖል ነው። እኔ ከጎረቤቴ ከተገኘ ጋር መሬት በተነጠፈ ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ዙሪያችን ያለው ሁሉ ገበሬ ነው፤ የሁሉም ሰሊጥ ሂላ ላይ ነው።

ትያትሩ እንዲህ ነበር። አንድ ሽማግሌ ገበሬ አለ፤ እሱን ደምሴ ነው የሚሠራው። አንዲት ልጅ አለችው፤ እሷ ስመኝ ናት። ልጅቱ ለአባቷ የምትነግረው ነገር አላት። "አባ" ብላ ስትጀምር፣ ትራክተሩ ቆመ ይልና ይነሣል። ተመልሶ ሲመጣ "አባ" ትላለች፤ ሳሉጉ ምሳ አልደረሰውም ይልና ይወጣል። እንደገና "አባ" ስትል ገበያ ላይ የሰሊጥ ዋጋ ተሰማ ብሎ ምግቡን ጥሎ ይሮጣል። ሰዉ እየሳቀ ወደ እኔ ይዞራል። ተገኘ በክርኑ ጎሸመኝ።

"ዳኘው፣ ይህ ሰውዬ አንተን አንተን አይሸትም?"

እኔ እንኳን አይመስለኝም። ያ የትያትሩ ሰውዬ ጨርሶ ጆሮ የሌለው ነው። እኔ ቢያንስ ምሳዬን ጨርሼ ነው የምነሣው።

በመጨረሻ ልጅቱ በሩ ላይ ቆመች። እጆቿን ዘርግታ መውጫውን ዘጋች። ደምሴ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ያ የሳሉግና የገበሬ ሁሉ ጫጫታ ጸጥ አለ። ልጄ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር፤ ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው፣ ግን መጋዘኑ ጥግ ድረስ ይሰማል። "አባ፣ ዛሬ ሳልነግርዎ አይነሡም" አለች። አፏን ስትከፍት ነጎድጓዱ መጣ።

ጓሮዬ የሰማሁት ያ አይደለም። መጋዘኑ ራሱ ቆርቆሮ ነው፤ የሙሉቀን ቆርቆሮ ሲጮህ ጣራው ተቀበለው፣ ግድግዳው ተቀበለው። ከማዶ ተነሥቶ እየተንከባለለ መጥቶ አናታችን ላይ ተሰነጠቀ። "ሂላው!" ያለው ተገኘ ነው። ከዚያ ወዲያ ማን ማንን ይሰማል። በሩ ተበረገደ። ሽማግሌው ጋቢውን ጥሎ፣ ጎልማሳው ጫማውን ጥሎ ወጣ። ባለጥምጥሙ ነጋዴ እንኳ፣ አንድ ማሳ ሰሊጥ የሌለው፣ ሰው ሲሮጥ አይቶ ሮጠ። እኔም ሮጥኩ። ደጅ ስንወጣ ፀሐዩ ዓይናችንን አጥበረበረው፤ ያን ጊዜ እንኳ ቀና ያለ ሰው የለም። ነጎድጓዱን ሰምተናል፤ ምን ቀና ያደርገናል? ሸራ ያለው ሸራ፣ ላስቲክ ያለው ላስቲክ ይዞ በየማሳው ተበተነ። እኔ ማሳዬ ደርሼ ሸራዬን ዘርግቼ በሁለት እጄ ከፍ ሳደርግ ነው ሰማዩን ያየሁት። አንዲት ጭብጥ የምታህል ደመና የለችም። ሰሊጡ ደርቆ፣ አፉን ከፍቶ ቆሟል። የሚስቅብኝ መሰለኝ።

ስንመለስ ሁሉም አልቋል። ደምሴ በርጩማውን ተሸክሞ ይወጣል። ሙሉቀን ቆርቆሮውን አቅፎ፣ አጠፋሁ ወይስ አለማሁ እንደሚል ሰው ቆሟል። ስመኝ ከመጋዘኑ መካከል፣ ሰው ጥሎት በሄደው ጋቢና ጫማ መሐል ተቀምጣለች። አታለቅስም። እኔን ስታየኝ ነው የሳቀች። ይኸው ያ ሳቅ ነው።

መራጩ አዳራሽ የሚገባውን በማግስቱ ተናገረ፤ የኛዎቹ አልነበሩም። ይህን ስሰማ አልቻልኩም። ከሻይ ሻጮቹ ሴቶች ዘንድ ተቀምጦ ከርከዴ ሲጠጣ አገኘሁት። የኛዎቹን ትያትር ለምን ጣልከው ብዬ ጠየቅሁት። ትሑት ሰው ነው፤ ከመቀመጫው ተነሥቶ መለሰልኝ።

"አባባ፣ ሰው ጥሎት የወጣውን ትያትር እንዴት አድርጌ አዳራሽ አስገባለሁ?"

"ጥሎት አይደለም ልጄ፣ አምኖት ነው የወጣ።"

"እኔ የቀረልኝ ባዶ ቤት ነው።"

"ቆርቆሮው የኔ ነው" አልኩት። "ከፍየል ቤቴ ነው የተነቀለ። ሁለት ሳምንት ጓሮዬ ሲያንጓጉት ሰምቻለሁ። ፍየሎቼ ለምደውታል። እኔ ባለቤቱ እያወቅሁት ሮጥኩ። ከዚህ ወዲያ ምን ፈተና ትሻለህ?"

ሳቀ፤ ለኔም ከርከዴ አዘዘልኝ። ቁም ነገር ነው የነገሩኝ አባባ፣ ግን መመሪያው ተመልካችን እስከ መጨረሻው ይዞ የቆየ ነው የሚለው አለኝ። ከርከዴውን አልጠጣሁትም። የዚያን ጊዜ ብቻ ነው በዕድሜዬ የቀረበልኝን ከርከዴ ትቼ የሄድኩት። በመዝጊያው ቀን አዳራሽ የገባው ስለ ዛፍ ተከላ የሚናገር ትያትር ነበር። እስከ መጨረሻው የተነሣ ሰው የለም፤ ተመሰገነ። እንቅልፍ የወሰደው ሰው ወዴት ይነሣል?

የኛዎቹ ዳግመኛ አልሠሩትም። ሰሊጡ ተራገፈ፣ መጋዘኑ ሞላ። ሙሉቀን ትራክተሩን ይዞ ወደ ቋራ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ዓይኑን አላየሁም። ደምሴ በዓመቱ ታሞ ሞተ፣ ነፍሱን ይማረው። መከሩ እንዳለቀ ከአብርሃ ጅራ ሽማግሌዎች መጡ፤ ደኅና ቤት ነው፣ ልጁም ጨዋ ነው ተባለ፣ ስመኝን ለጌትነት ሰጠሁ። ቆርቆሮው ወደ ፍየል ቤቱ ጣራ ተመለሰ። ትያትሩን እስከ መጨረሻው የሚያውቅ ሰው እንግዲህ እሷ ብቻ ሆነች።

እኔ ደግሞ የጀመርኩትን ነገር ሳልጨርስ አልወድም። ያቺ ልጅ ምን ልትለው ነበር? ሽማግሌውስ ምን አለ? ለክርስትና ስትመጣ ጠየቅኋት። ለጥምቀት ስትመጣ ጠየቅኋት። እናቷ ስታርፍ፣ ለቅሶው ላይ፣ ሰው ሲሳሳልን ጠየቅኋት። መልሷ አንድ ነው፤ ትያትር ይታያል እንጂ አይወራም ትለኛለች። ግትር ናት። ከማን እንደወረሰችው አላውቅም፣ እናቷ ለስላሳ ሴት ነበረች። አምና ገንዳ ውኃ የወጣቶች ትያትር አለ ሲሉኝ፣ ጉልበቴን እያሻሸሁ ሄድኩ፤ ምናልባት አንዱ ያንን ታሪክ ያነሣው ይሆናል ብዬ። ነጎድጓድም ነበረው። ከድምፅ ማጉያ ሣጥን ነው የሚወጣ፤ ልክ እንደ ሰማዩ ነው፣ ይህን አልክድም። ንቅንቅ ያለ ሰው የለም። ሁሉም ስልኩን ወደ ላይ ቀስሮ ይቀርጻል። ወቅቱ ያው ጥቅምት ነው፤ ቀኑን የሚቆርጡት እነዚያው ናቸው መሰለኝ። ብሽቅ ብዬ ተመለስኩ።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ስመኝና ጌትነት ዘንድሮ የመጡት መከሩን ሊያግዙኝ ነው። ቆርቆሮው ወድቆ፣ እኔ ተነሥቼ፣ እሷ ስቃ፣ ሁላችንም ባለንበት ቆምን። እኔ ተናደድኩ። አሁን እንኳ ንገሪኝ፣ ነገ ልሞት እችላለሁ አልኳት። የተለመደውን መለሰችልኝ። እንግዲያው አሳዪኝ አልኳት። ይህን ሳልላት ሃያ ዓመት መኖሬ ገረመኝ። እሷም መቀነቷን አጥብቃ ጌትነትን ከጣራው ውረድ አለችው። ቆርቆሮውን በሁለት እጁ አስያዘችውና እንዴት እንደሚያርገፈግፈው አሳየችው። የወፍራም ሰው እጅ ነው፣ እንደ ሙሉቀን አይሆንለትም፤ ግን ሞከረ። እኔ ከኒሙ ሥር ተመልሼ ተቀመጥኩ። ፍየሎቹ የዚያን ጊዜዎቹ የልጅ ልጅ ናቸው፤ አጥር ሊሰብሩ ደረሱ።

እጆቿን ዘርግታ ቆመች። በር እንኳ የለም፣ ግን በር ታየኝ። "አባ፣ ዛሬ ሳልነግርዎ አይነሡም" አለች። ፀጉሯ ሽበት ጣል ጣል አድርጓል፤ ድምፁ ያው ነው። ጌትነት ቆርቆሮውን መታው። ስመኝ ዞር ብላ በሽማግሌው ቦታ ቆመች፤ ደምሴ ሊለው የነበረውን ቃል በደምሴ ወፍራም ድምፅ አለችው።

"ይዝነብ። አንቺ ጨርሺ።"

ከዚያ ወደ ልጅቱ ቦታ ተመለሰች።

"አባ፣ ሳይደርስ የታጨደ ሰሊጥ ዘይት የለውም ይላሉ። አንዲት ነዶ ቀድሞ ማጭድ የገባበት እንደሆነ ሠራተኛውን ይረግማሉ። እኔን ለምን ሳልደርስ ያጭዱኛል? ትምህርቴን ልጨርስ።"

ይህን ስትል ነጎደ። የጌትነት አይደለም፤ ጌትነት ቆርቆሮውን ዝቅ አድርጎ ይዞ ነበር። ከማዶ ነው የተነሣ። ተንከባሎ መጥቶ ከሽንፋ ወንዝ በኩል ተሰነጠቀ፤ ነፋሱ የኒሙን ቅጠል ገለበጠው። ጌትነት ቆርቆሮውን ወረወረና ሸራውን ከግድግዳው ላይ መንትፎ ወደ ሂላው በረረ። ጨዋ ሰው ነው ብያችሁ የለ፣ የሰው ሰሊጥ እንኳ ቢሆን ይሮጣል። ስመኝ ግን ወደ ሰማዩ አላየችም፤ እኔን ነው የምታየው። ቀጠለች። ልጅቱ አባቷ እግር ሥር ተቀመጠች፣ ስለ ትምህርቷ ነገረችው፣ ስለ ጎንደር ነገረችው፣ ሽማግሌ ቢመጣ ምን ብሎ እንደሚመልስላቸው ነገረችው። ሽማግሌው ይሰማል። ዝናቡ ጣራውን ይመታል፣ ሰሊጡ ያልቃል፣ ሽማግሌው ይሰማል። እስክትጨርስ አልተነሣም። ትያትሩ በዚህ አለቀ።

ጠብ ጠብ ማለት ጀምሮ ነበር። እኔ ግን የተሰማኝን ካልተናገርኩ ያመኛል።

"ውሸት ነው" አልኳት። "ንግግርሽ ደኅና ነው፤ መጨረሻው ግን ውሸት ነው። ሰሊጡ ሂላ ላይ ቆሞ፣ ነጎድጓድ ሰምቶ፣ ይዝነብ የሚል ገበሬ በዚህ ቆላ አልተወለደም። ያን ቀን ባየው ኖሮ እዚያው መጋዘን ቆሜ እከራከርሽ ነበር።"

ስመኝ ቆርቆሮውን ከመሬት አነሣችና ውኃው እንዳይነካኝ አናቴ ላይ አድርጋ ያዘችው። ዝናቡ መምታት ጀመረ።

"አባ" አለችኝ፣ "አሁንስ ተቀምጠው የለ?"

"ጉልበቴ ነው" አልኳት።